ሰውነት የጎደለው የሙዚቃ ጥናት፤ ስለ መንፈቀ ዓመት ጽሑፎቻችን የቀረበ ሒስ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ሙዚቃና ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ በየመንፈቀ ዓመቱ የምናቀርባቸውን ጽሑፎች፣ ማለት ተርም ፔፐር የምንላቸውን፣ መመርመር ነው። ርእሱ በተማሪዎች ዘንድ የተወደደ ነው። ከመካከላችን በሠርግ ላይ እስክስታ ያላየ፣ በጥምቀት ዕለት የካህናቱን ሽብሸባ ያልተመለከተ ጥቂት ስለ ሆነ ማስረጃው ከደጃፍ የሚገኝ ይመስላል። ዳሩ ግን ቀላል የመሰለው ርእስ ሲጻፍ ይከብዳል። ከብዙዎቹ ጽሑፎች ስለ ዘፈኑ ጥቂት፣ ስለ ጭፈራው ጥቂት እናገኛለን፤ ሁለቱ እንዴት እንደ ተያያዙ ግን ሳንረዳ ወረቀቱን እንዘጋለን።

የማንንም ስም ጠርተን ልንነቅፍ አንሻም፤ የምንነቅፈው የጋራ ልማድን ነው። ሐሳባችንም ባጭሩ ይህ ነው። ጽሑፎቻችን እንቅስቃሴን ሙዚቃው ካለቀ በኋላ እንደ ተጨመረ ጌጥ ይቈጥሩታል፤ እኛ ግን እንቅስቃሴ ራሱ ሙዚቃው የሚቈጠርበት፣ የሚታወቅበትና ከመምህር ወደ ተማሪ የሚተላለፍበት መንገድ ነው እንላለን። ይህ ካልታየ ጥናቱ ከመሠረቱ ይናጋል። ከዚህም የባሰው፣ በሰው እጅ፣ እግርና ትከሻ ውስጥ ያለውን ዕውቀት ሳናውቀው ከዕውቀት ተራ እናስወጣዋለን።

፩ ርእሱ ራሱ ምን ይላል

ብዙ ጊዜ የምናየው አርእስት «ሙዚቃና የሰውነት እንቅስቃሴ» የሚል ነው። በዚህ ርእስ ውስጥ ያለችው «ና» ትንሽ ብትሆንም ትልቅ ፍርድ ትፈርዳለች፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፣ የተማሪውም ሥራ እነርሱን ማገናኘት ነው ትላለች። ይሁን እንጂ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ቃሎቻችንን ብንመረምር ይህን መለያየት አናገኝም። በግዕዝ «ዘፈነ» ማለት በእጅ በእግር ተጫወተ፣ ጨፈረ ማለት ነው፤ በዐማርኛ ግን «ዘፈን» ስንል በመጀመሪያ የምናስበው በአፍ የሚባለውን ነው። ያው ቃል ከእግር ወደ አፍ ሲሻገር ማንም እንደ እንግዳ አለመቍጠሩ ነገሩ ቀድሞም አንድ ስለ ነበረ ይመስለናል። «ጭፈራ» ስንልም ዘፈኑን፣ ጭብጨባውንና ዝላዩን በአንድነት መጥራታችን ነው።

ታዲያ መለያየቱ ከወዴት መጣ? አንደኛው ምክንያት ከተማርንበት ሁኔታ የመጣ ነው። በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግን ተማሪዎች መዝሙር የተማርነው ቀጥ ብለን ቆመን፣ ዐይናችንን ከመጽሐፉ ላይ ሳናነሣ ነው። ያ ልማድ የራሱ ሥርዐትና ውበት አለው፤ እኛም ብዙ ተጠቅመንበታል። ነገር ግን ሙዚቃ ማለት ከወረቀት ተነሥቶ በድምፅ ወደ ጆሮ የሚሄድ ነገር ነው፣ ሰውነት ግን ዝም ብሎ የሚጠብቅ ዕቃ ነው የሚል እምነት ያሳድራል። ይህን እምነት ይዘን ወደ ማኅሌት ወይም ወደ ሠርግ ቤት ስንሄድ፣ የምናየውን ሁሉ በሁለት መዝገብ ከፍለን እንጽፋለን።

ይህ መከፋፈል የእኛ ብቻ አይደለም። በ1965 እ.ኤ.አ. ከሀንጋሪ ወደ አገራችን ከመጡት ተመራማሪዎች መካከል ጊዮርጊ ማርቲን ጭፈራን፣ ባሊንት ሻሮሺ ሙዚቃን ያጠኑ ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ. አንደኛው ስለ ኢትዮጵያ የጭፈራ ዐይነቶች፣ ሁለተኛው ስለ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ሙዚቃ በተለያዩ መጽሔቶች ጽፈዋል። ሁለቱም ጽሑፎች ጠቃሚዎች ናቸው፤ ለሊቃውንት የሥራ ክፍፍል ተገቢ ነው። ነገር ግን በአንድ ጉዞ የታየው ነገር በሁለት ወረቀት ሲወጣ፣ መጋጠሚያውን የሚያጠና ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሦስተኛ ሰው ተማሪው ሊሆን በቻለ ነበር።

፪ የተለመደው አጻጻፍ ጉድለቶች

የመጀመሪያው ጉድለት፣ ማየትን በማድነቅ መለወጥ ነው። ለምሳሌ ያህል እኛው ያዘጋጀነውን ዓረፍተ ነገር እንመልከት፤ «ሙዚቃው በጀመረ ጊዜ ተጫዋቾቹ በታላቅ ደስታ ትከሻቸውን እያንቀጠቀጡ ስሜታቸውን ይገልጣሉ።» እንዲህ ያለውን አነጋገር ያላነበበ መምህር ያለ አይመስለንም። ከዚህ ምን ተማርን? ሁለቱ ትከሻዎች አብረው ይነሣሉ ወይስ በየተራ? ወደ ላይና ወደ ታች ነው ወይስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ? ትከሻው የሚመታው ከበሮው በሚመታበት ቅጽበት ነው ወይስ በሁለት ምቶች መካከል? «እስክስ» የሚለው ትንፋሽ የሚወጣው መቼ ነው? ከበሮ መቺው ተጫዋቹን ይመለከታል ወይስ ተጫዋቹ ከበሮ መቺውን? ጽሑፉ ከነዚህ አንዱን እንኳ አይመልስም። የሚነግረን «ደስታ»ን ነው፤ እርሱም ቢሆን የተጠየቀ ሳይሆን የተገመተ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ በመድረክ ላይ የሚጫወት ባለሙያ ሦስት ጊዜ በዚያው ልክ ደስ ይለዋልን?

ሁለተኛው ጉድለት፣ ሙዚቃ ሁልጊዜ ቀዳሚ፣ እንቅስቃሴ ሁልጊዜ ተከታይ ነው ማለት ነው። የሆያ ሆዬን ልጆች እንመልከት። ዱላው መሬት ሲመታ የሚሰማው ድምፅ የዘፈኑ ምት ነው፤ ዱላው ካልተነሣ ምቱ የለም። በወፍጮ ላይ የምታንጎራጉር ሴትም ዜማዋን የምታስኬደው መጁ በሚሄድበትና በሚመለስበት ልክ ነው። በነዚህ ላይ ክንድ ሙዚቃውን አይከተልም፤ ክንዱ ራሱ መሣሪያው ነው። እንግዲህ «ሙዚቃ ሰውነትን እንዴት ያንቀሳቅሳል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን በቂ አይደለም። «ሰውነት ሙዚቃውን እንዴት ይሠራዋል?» ብለንም መጠየቅ ይገባናል።

ሦስተኛው ጉድለት፣ የመድረኩን ጭፈራ የአገር ቤቱ ጭፈራ አድርጎ መውሰድ ነው። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለውም በ1948 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ የየክፍለ ሀገሩ ጭፈራ በመድረክ ሲታይ ኖሯል። ይህ ታላቅ አገልግሎት ነው፤ ብዙዎቻችን የሩቁን ወገናችንን ጭፈራ ያወቅነው በዚህ ነው። ሆኖም መድረክ የራሱ ሕግ አለው። ተጫዋቾቹ ፊታቸውን ወደ ተመልካች አዙረው በረድፍ ይቆማሉ፤ እንቅስቃሴያቸው አንድ ዐይነት እንዲሆን ተለማምደው ይመጣሉ፤ ጊዜውም የተወሰነ ነው። በሠርግ ቤት ግን ሰው ከሰው ፊት ለፊት ይገጥማል፤ አጨብጫቢው፣ ዘፋኙና ተጫዋቹ እየተያዩ ያፋጥናሉ፣ ያዘገያሉ። ይህ መተያየት በመድረክ ላይ ሲጠፋ፣ ሙዚቃውና እንቅስቃሴው የሚገናኙበት ዋናው ቦታ ጠፋ ማለት ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ ፊልም ማንሣትና ማየት ቀላል ስለ ሆነ የመድረኩን ፊልም አይቶ ስለ ገጠሩ መጻፍ ጨምሯል፤ ጸሐፊው ግን የቱን እንዳየ ለይቶ አይናገርም።

፫ የአቋቋም ምስክርነት

እነዚህን ጉድለቶች በአንድ ምሳሌ ላይ አድርሰን ለመመርመር ከቤተ ክርስቲያን አቋቋም የተሻለ አናገኝም። ስለዚህ ትምህርት የሚጻፉት ወረቀቶች አብዛኛውን ጊዜ በቅዱስ ያሬድ ታሪክ ይጀምራሉ፤ በስድስተኛው መቶ ዓመት እንደ ነበረ፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የሚባሉትን ሦስት የዜማ ስልቶች እንደ ደረሰ ይተርካሉ። ቀጥሎ ወደ ምሳሌዎቹ ይገባሉ፤ የከበሮው ጠፍር የግርፋቱ ሰንበር ምሳሌ ነው፣ የመቋሚያው ነገርም እንዲህ ነው ይላሉ። ይህ ሁሉ የሊቃውንቱ ትምህርት ስለ ሆነ መጻፉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ምሳሌው ምን ማለት እንደ ሆነ እንጂ እንዴት እንደሚደረግ አይነግረንም። ወረቀቱ ሲያልቅ መቋሚያው ወደ የት እንደ ዘመመ አናውቅም።

የተረሳው ነገር ይህ ነው። አንዱ ዜማ በማኅሌት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተብሎ አይታለፍም። መጀመሪያ ያለ መሣሪያ በድምፅ ብቻ ይባላል፤ ይህ ቁም ዜማ ነው። ቀጥሎ መቋሚያ ወዲያና ወዲህ እየተንቀሳቀሰ ይዘመማል፤ ይህ ዝማሜ ነው። ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ገብተው በዝግታ ይረገዳል፤ ይህ መረግድ ነው። በመጨረሻም እጅ እየተጨበጨበ ይፈጥናል፤ ይህ ጽፋት ነው። እንግዲህ ስሞቹን ልብ እንበል። ቁም ከመቆም፣ ዝማሜ ከመዝመም፣ መረግድ ከመርገድ፣ ጽፋት ከማጨብጨብ የወጡ ናቸው። የትምህርቱ ጠቅላላ ስም ራሱ አቋቋም ነው። ሊቃውንቱ የዜማውን አካሄድ ለመለየት ስም ሲፈልጉ ከድምፅ ሳይሆን ከሰውነት ወስደዋል። ለእነርሱ እንቅስቃሴው የዜማው ተከታይ ቢሆን ኖሮ ዜማውን በእንቅስቃሴው ስም ባልጠሩት ነበር።

ሌላም ማስረጃ አለ። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ፤ መቋሚያ ብቻ ይቀራል። ምእመናኑ የጾሙን ወራት የሚያውቁት በቃሉ ብቻ አይደለም፤ የካህናቱ ሰውነት ስለ ተገታ፣ እጅ ስለማይጨበጨብም ነው። ትንሣኤ ሲመጣ ከበሮው ይመለሳል፤ ከእርሱም ጋራ እግሩና እጁ። ስለዚህ እንቅስቃሴ መጨመርና መቀነስ የዓመቱን ጊዜ የሚለይ ሥርዐት ነው። እዚህ ላይ «እንቅስቃሴው ስሜትን ይገልጣል» ብሎ ማለፍ ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ አንባቢው ይፍረድ። ከስሜት በፊት ሕግ አለ፤ ሕጉንም ለማወቅ ዓመታት ይፈጃል።

በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ በሊቃውንት ዘንድ ይነገራል። ከቃሉ በላይ የሚጻፈው ይህ ምልክት በመጀመሪያ የድምፅን መንገድ ይመራል። የክንድን፣ የጉልበትንና የትንፋሽን ነገር ግን ተማሪው ከመምህሩ ፊት ቆሞ፣ አይቶና ተመትሮ ይማረዋል። ጎንደሬና ተክሌ የሚባሉት የአቋቋም ስልቶች ተለያይተው የቆዩትም በዚህ ዐይነት፣ ከሰውነት ወደ ሰውነት እየተላለፉ ነው። እንግዲህ አንድ መምህር ደቀ መዝሙር ሳይተካ ቢያልፍ ድጓው በመደርደሪያው ላይ ይቀራል፤ አቋቋሙ ግን አብሮት ይቀበራል። የተማሪ ወረቀት በዚህ ቦታ ሊረዳ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን መጽሐፉ የያዘውን ደግሞ ይጽፋል፣ መጽሐፉ ያልያዘውን ይተዋል። ትልቁ ጥፋት ይህ ነው።

፬ ከውጭ ሊቃውንት ምን እንውሰድ

ሌላው ልማዳችን የውጭ ሊቃውንትን ስም በመግቢያው ላይ ደርድሮ ወደ ጥናቱ ሲገቡ መርሳት ነው። እኛ ሦስት ሥራዎችን ብቻ አንሥተን፣ ለጥያቄያችን የሚረዱትን ያህል እንጠቀምባቸዋለን።

በበርሊን የድምፅ ቅጂዎች ቤት ይሠራ የነበረው ኤሪክ ፎን ሆርንቦስተል በ1928 እ.ኤ.አ. ስለ አፍሪካ ሙዚቃ ባወጣው ጽሑፍ፣ ከበሮ መቺ እጁን ሲያነሣና ሲያወርድ ሁለቱም የምቱ ክፍል ናቸው፣ የሚሰማው ሲያርፍ ብቻ ቢሆንም መነሣቱ ለመቺው ዋና ነው አለ። ሐሳቡ ጥልቅ ነበር፤ ይሁን እንጂ በአብዛኛው በድምፅ ቅጂ ላይ የተመሠረተ ስለ ነበረ እጁን ሳያይ ስለ እጅ መጻፉ ነው። ጆን ብላኪንግ በ1955 እ.ኤ.አ. ይህን አስተያየት መርምሮ ጻፈበት። እርሱ ራሱ በ1961 እ.ኤ.አ. ስለ ንሴንጋ ሕዝብ የካሊምባ ሙዚቃ ባወጣው ጥናት፣ በጆሮ ሲሰሙ የማይመሳሰሉ ዜማዎች የአውራ ጣቶቹ አካሄድ ሲታይ ዝምድናቸው እንደሚገለጥ አሳየ። ከሁለቱ የምንማረው አንድ ነው፤ ጆሮ ያልደረሰበትን እጅ ሊያስረዳ ይችላል፣ ነገር ግን እጁን ማየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው በካናዳ አገር በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ነው። ጄሲካ ፊሊፕስ ሲልቨርና ሎሬል ትሬይነር በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የ7 ወር ሕፃናትን ጠንካራና ደካማ ያልተለየበት፣ ስድስት ክፍል ያለው ምት አሰሟቸው። እያሰሟቸውም ግማሾቹን በየሁለት ምት፣ ግማሾቹን በየሦስት ምት ታቅፈው እሽሩሩ እንደሚባል ከፍ ዝቅ አደረጓቸው። በኋላ ያው ምት በሁለት በሁለትና በሦስት በሦስት ጠንከር እየተደረገ ሲሰማ፣ ሕፃናቱ ረዘም አድርገው ያዳመጡት ሰውነታቸው በተነቀነቀበት አከፋፈል የሆነውን ነበር። ሌላ ሰው ሲነቀነቅ ማየት ብቻውን ግን ይህን ውጤት አላመጣም። እንግዲህ የተሰማው ድምፅ ለሁሉም አንድ ነበር፤ ልዩነቱን ያመጣው ሰውነት ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ችክችካ የምንለው ምት ስድስት ክፍል ያለው ስለ ሆነ በሦስት በሦስትም በሁለት በሁለትም ሊከፈል ይችላል። የቱ እንደ ሆነ የሚወስነው ምንድን ነው? ጭብጨባው የት ያርፋል? እግር የት ይረግጣል? ትከሻውስ ከጭብጨባው ጋራ ይሄዳል ወይስ በመካከሉ ይገባል? ዘፈኑን ቀድቶ በክፍሉ ተቀምጦ በኖታ የሚጽፍ ተማሪ ከሁለቱ አንዱን በጆሮው መርጦ ይጽፋል፤ የመረጠውም ምናልባት በልጅነቱ የለመደውን ነው። አጨብጫቢዎቹን ቢያይ ግን ከመገመት ይድን ነበር። በሌላ ቋንቋና በሌላ ክፍለ ሀገር ያደገ ባልንጀራው ያንኑ ዘፈን በሌላ አከፋፈል ቢሰማ አይደንቅም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ በገና ሲደረደር ሰው ጸጥ ብሎ ያዳምጥ የለምን? ሙዚቃ ያለ እንቅስቃሴ አለ ማለት አይደለምን? መልሳችን፣ በመጀመሪያ ደርዳሪው ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል። ሁለተኛም የአድማጩ ጸጥታ ራሱ የተማረው የሰውነት ሥርዐት ነው፤ በሠርግ ቤት እንዲያ ቢቀመጥ «ምን ሆነ?» ይባል ነበር። ስለዚህ ጸጥታውም ሊጻፍ ይገባዋል።

፭ ምን ይደረግ

መንቀፍ ብቻ ስለማይበቃ ለባልንጀሮቻችንና ለመምህራኖቻችን ጥቂት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ርእሱ ይነስ። «የኢትዮጵያ ሙዚቃና ጭፈራ» የሚል ባለ 20 ገጽ ወረቀት ከሚጻፍ ይልቅ የአንድ ጭፈራ አንድ ደቂቃ ወይም የአንድ ዜማ ከዝማሜ ወደ መረግድ የሚሻገርበት ቦታ በደንብ ቢጻፍ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ተማሪው የሚጽፈውን ነገር ጥቂትም ቢሆን ይማረው። አንድ ወር በመምህሩ ፊት የቆመ ሰው ጉልበቱ የሚደክምበትን ቦታ ያውቃል፤ ያ ድካም የምቱ አካል ነው። ሦስተኛ፣ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ከማለት በፊት «ስሕተቱ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መምህር ትክክለኛውን በቃል ለማስረዳት ቢቸገር እንኳ የተሳሳተውን ተማሪ ሲያርም ሕጉ ይገለጣል። አራተኛ፣ ፊልም ቢነሣ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ማን፣ የት፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደ ተጫወተና ካሜራው በየት በኩል እንደ ቆመ ይጻፍ። ፊልም ማስረጃ ነው እንጂ ማብራሪያ አይደለም። አምስተኛ፣ ወረቀቱ ለመምህሩ ከመሰጠቱ በፊት ለተጫዋቹ ወይም ለመሪጌታው ይነበብለት። ዓመታት የተማረውን ሰው «መረጃ ሰጪ»፣ ሦስት ሳምንት የጠየቀውን ተማሪ «አጥኚ» ብሎ መሰየም ሚዛኑን የጠበቀ አይመስለንም።

መምህራኖቻችንንም በአክብሮት የምንለምነው አለን። ወረቀት ሲታረም የተጠቀሱት መጻሕፍት ብዛት ትልቅ ዋጋ ያገኛል፤ ተማሪውም ዋጋ ወደሚገኝበት ይሄዳል። ለትክክለኛ ምልከታ፣ ለእጅ ሥዕል፣ ለምት አቈጣጠርም ማርክ ይሰጥ። በሴሚናር ጊዜ ተማሪው ተነሥቶ ያጠናውን እንዲያሳይ ይፈቀድለት። ይህ የትምህርቱን ክብር የሚቀንስ የሚመስለው ካለ፣ የአቋቋም ተማሪ የሚመሰከርለት ቆሞ በማሳየት መሆኑን ያስታውስ።

በመጨረሻም ጽሑፋችን በቂ መሆን አለመሆኑን የምንፈትንበት ቀላል መንገድ አለ። ጭፈራውን ወይም ዝማሜውን ከቶ ያላየ ባልንጀራችን ወረቀቱን ያንብብ፤ ካነበበም በኋላ ከወንበሩ ተነሥቶ ይሞክረው። ቀኝ እጁን ወይስ ግራ እጁን እንደሚያስቀድም፣ በስንተኛው ምት ላይ እንደሚያርፍ ከወረቀቱ ካገኘ ሙዚቃና የሰውነት እንቅስቃሴ ተጽፏል። ካላገኘ ግን የተጻፈው የእኛ አድናቆት ብቻ ነው።